የመስኮቱ ልክ

ነሐሴ 26

ይድረስ ለእቴቴ፣ ለእናቴ እህት፣ ለአሳዳጊዬ፣

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? የስፌት መኪናሽስ? ስንለያይ ሁለቱም መንቋቋት ጀምረው ስለነበር ነው አንድ ላይ የምጠይቅሽ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም።

ዓመቱ ሊያልቅ ስለሆነ የልማዳችን ጊዜ ደረሰ። ልጅ ሆኜ የደንበኞችሽን መጋረጃ ልንሰቅል አብረን ስንሄድ፣ መልስ ላይ «ከዚያ ቤት ምኑን ወደድሽ?» ትዪኝ ነበር። ሶፋውን፣ መብራቱን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሳህን እያነሳን ስንከራከር ሳናውቀው ቤታችን እንደርሳለን። ይኸው ሰው አገር ከመጣሁም በኋላ ዓመት በመጣ ቁጥር ሦስት ሦስት ዕቃ እንመርጣለን። ዘንድሮ እኔ ልቅደም።

አንደኛ፣ በሸምበቆ የተሠራ የመብራት ቆብ። ሲበራ ጣሪያው ላይ ወንፊት የመሰለ ጥላ ይጥላል። ሁለተኛ፣ ምንጣፍ። ቀለሙ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለውን ሰማይ ነው፤ ግን ጫማሽን አውልቀሽ ካልረገጥሽው አይገባሽም። ሦስተኛ፣ አረንጓዴ ባለ ክንድ ወንበር። ጀርባው ከፍ ያለ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተደገፍሽው መነሻ የለሽም። ፎቶአቸውን ይኸው። ወንበሩ ላይ እግሯን አጣጥፋ የተቀመጠችው ሰነፍ እኔው ነኝ።

ሥራም ደህና ነው። የቤት ዕቃ መሸጫው ከመጋዘን አውጥቶ ዕቃ አሰናጅ አድርጎኛል። ከእኔ ይልቅ ወገቤ ደስ ብሎታል።

ያንቺን ሦስት ቶሎ ላኪ። ስስት እንዳትጀምሪ፤ አምና «ሁሉም ያው ነው» ብለሽ ሁለት ብቻ ነው የላክሽልኝ።

መርፌሽ ነኝ

---

መስከረም 19

ይድረስ ለመርፌዬ፣ ቀጭኗ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ጉልበቴ እንደተለመደው ነው። መኪናዬን ግን ዘይት አጠጥቻት ዝም ብላለች።

ፎቶሽን ከፖስታው ሳወጣ ወንበሩ አልታየኝም። ምንጣፉም አልታየኝም፤ ይቅር በይኝ። የታየኝ ከጀርባሽ ያለው መስኮት ነው። ያን የሚያህል መስኮት! ብርሃኑ ትከሻሽ ላይ ወርዶ፣ አንቺ ደግሞ በገዛ ቤትሽ እግርሽን አጥፈሽ። ይዤው ወደ ጎረቤታችን ወደ ብረት በያጁ ሮጥኩ። «ልጄ መስኮት አላት!» ስለው የብየዳ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ፣ «ሌላው ሰው ምን አለው ታዲያ?» አለኝ። እሱ ምን ያውቃል።

አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። እናትሽ አርፋ ወደ እኔ ስትመጪ የነበረችኝ አንዲት ክፍል ናት፤ እሷም ስፌት ቤቴ ነበረች። ጥጉን በመጋረጃ ጋርጄ አልጋሽን ከኋላው አስገባሁ። ጥጉ ድፍን ግድግዳ ነበር። የከተማውን መስኮት ሁሉ ሳለብስ ኖሬ አንዲቷን ልጄን ያለ መስኮት አሳደግኩ። አንቺ አንድም ቀን አላማረርሽም። ስትተኚ የመጋረጃውን ጫፍ ሳብ ታደርጊያለሽ፣ እኔም ከመኪናዬ ሳልነሳ በዚህ በኩል ሳብ አደርግልሻለሁ፤ ደህና እደሪ መባባላችን ነበር። ያን ጊዜ ያስቀኝ ነበር። ካደግሽ ወዲህ ግን ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይባባል። አሁን ፎቶሽን ሳይ እንደ ድንጋይ የተሸከምኩት ነገር ከላዬ ወረደ።

እንግዲህ ስሚኝ። ሳጥኑ ውስጥ ከታች ያለውን የብርቱካን ልጣጭ የሚመስለውን ጨርቅ ታስታውሺዋለሽ? እናትሽና እኔ አብረን የገዛነው ነው። «ልጄ የራሷ መስኮት ሲኖራት ትሰፊላታለሽ» ብላ አደራ የሰጠችኝ ነው። ፋርማሲስቷ ደንበኛዬ ባየችው ቁጥር ትለምነኛለች፤ እኔም ባየኋት ቁጥር ሳጥኑ ላይ እቀመጣለሁ። አሁን ቀኑ ደረሰ። የመስኮቱን ልክ ላኪልኝ። ቁመቱን ዘንጉ ከሚያርፍበት እስከ ወለሉ፣ ወርዱን ደግሞ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ክንድ አልፈሽ ለኪ። በገመድ እንዳትለኪ፣ ገመድ ይለጠጣል።

የእኔን ሦስት ረሳሁት። የቁም ሳጥኑን መስታወት ነቅዬ ኮሪደሩ ላይ ሰቀልኩት፤ የጓሮው ብርሃን እሱ ላይ አርፎ እስከ ስፌቴ ድረስ ይመጣል። ከደንበኞች የተረፈውን ቁርጥራጭ ገጣጥሜ በርጩማዬን አለበስኳት፤ አሁን ሰው ሁሉ እሷ ላይ ካልተቀመጥኩ ይላል። ሦስተኛው ያንቺ መስኮት ነው። የእኔ ቤት አይደለም ብለሽ እንዳትከራከሪኝ።

እቴቴሽ

---

ጥቅምት 12 (ያልተላከ)

ይድረስ ለእቴቴ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እንዴት ብዬ እንደምጽፍልሽ አላውቅም።

ያ ቤት የእኔ አይደለም። የማንም አይደለም። መሸጫው ውስጥ ያሰናዳሁት የማሳያ ክፍል ነው። ሦስት ግድግዳ አለው፤ አራተኛው ደንበኛ የሚገባበት ነው። በምሳ ሰዓት የሥራ ባልደረባዬ ናት ፎቶውን ያነሳችኝ። የወደድኳቸውን ዕቃዎች ላሳይሽ ብዬ ነው እንጂ ቤቴ ነው ማለቴ አልነበረም። አንቺም የት እንደሆነ ታውቂያለሽ ብዬ ነበር። መስኮቱም መስኮት አይደለም። ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ከኋላው አምፖል አለ። ሱቁ ሲከፈት ይነጋል፣ ሲዘጋ ይመሻል።

እኔ የምኖረው ምድር ቤት፣ ከአንዲት ዳቦ ጋጋሪ ጋር በአንድ ክፍል ነው። መስኮት የለንም። እሷ ሌሊት ተነስታ ሥራ ስለምትገባ ገና በጊዜ ትተኛለች። መብራት ካበራሁ ትነቃለች፤ ስለዚህ ደብዳቤ የምጽፍልሽ ውጭ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው። ደግ ሰው ናት። የሞቀ ዳቦ ታመጣልኛለች። ምንም አልጎደለኝም ስልሽ ውሸቴን አይደለም።

ግን አንቺ ከላዬ ወረደ ያልሽውን ድንጋይ እኔ መልሼ ልጭንብሽ?

---

ኅዳር 3

ይድረስ ለእቴቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። የበርጩማሽን ፎቶ ላኪልኝ።

ልኩን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ። በሜትር ነው የለካሁት፣ በገመድ አይደለም። ግን እባክሽ አትቸኩይ። ዓይንሽንም ጉልበትሽንም አትጉጂ። ባይሰፋም ምንም አይደል።

መርፌሽ

---

ታኅሣሥ 8

ይድረስ ለመርፌዬ፣

በያለሽበት ሰላም ዋይ፣ ሰላም እደሪ። ልኩ ደርሶኛል። ደብዳቤሽ ግን ሳይነከር ተሰፍቶ በኋላ እንደታጠበ ጨርቅ አጥሮብኛል። «ባይሰፋም ምንም አይደል» ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ለሌላ ሰፊ ንገሪ።

ጨርቁን ነከርኩት፣ አሰጣሁት፣ ተኮስኩት። መቀሱን ሳነሳ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ስንት ዓመት የጠበቀ ነገር ነዋ። ቆርጬ ስጨርስ ለእናትሽ ጮክ ብዬ «ይኸው» አልኳት። ፋርማሲስቷ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል፤ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለችኝ። ከሚመለከተው ሰው ጋር አልኳት። ጨርቁ መቆረጡን ስታይ ፊቷ እንዴት እንደሆነ ብነግርሽ ትስቂ ነበር።

ብረት በያጁ የመዳብ ቀለበት ሠራልኝ። ገንዘብ አልቀበልም ብሎ፣ «መስኮት ላላት ልጅ ስጦታ ነው» አለኝ፤ ነገረኛ። ከታች እጥፋቱን ሰፊ አድርጌ ትቼዋለሁ፤ ቤት ብትቀይሪ ፈትተሽ ታስረዝሚዋለሽ። ዛሬ ፖስታ ቤት አስገባሁት።

አንድ ነገር ብቻ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። መስኮቱ ወደ የት ይዞራል? ጠዋት ነው ፀሐይ የሚገባው ወይስ ከሰዓት? ይህ ቀለም የከሰዓት ፀሐይ አይወድም። ሰቅለሽው ፎቶ ላኪልኝ። ፎቶው ላይ አንቺም ኑሪበት፤ እንደ ባለፈው እግርሽን አጥፈሽ።

እቴቴሽ

---

የካቲት 14

ይድረስ ለመርፌዬ፣

ጤና ይስጥልኝ ልጄ። መልስሽ ቢዘገይብኝ ፖስታ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አይታ ዕቃው ደርሷል፣ ፈርመሽ ወስደሻል አለችኝ። በሰላም መድረሱ ደስ አለኝ። ዝምታሽ ግን አላማረኝም።

አጠረ? ጠበበ? ወይስ ስፌቱ ጠመመ? ንገሪኝ፣ አልቀየምም። ልኩን አንቺ በሜትር ነው የለካሽው፣ እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰሞኑን መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ስንት ጊዜ እንደምሞክር አልነገርኩሽም ነበር። ሲቆረጥ እጄ የተንቀጠቀጠውም በደስታ መስሎኝ ነበር።

ፋርማሲስቷ ለአዲሱ ሳሎኗ መጋረጃ ልታሠራ መጥታ መለስኳት። አዲስ ሥራ አልቀበልም አልኳት። ለገዛ ልጄ መስኮት ያልሆነ እጅ ለሰው ምን ይሆናል? የጀመርኩትን ጨርሼ የስፌት መኪናዬን ልሸፍናት ነው። አታዝኚብኝ፤ ብዙ ሰርታለች፣ እኔም ብዙ ሰርቻለሁ።

ብቻ አንቺ ደህና ነሽ ወይ?

እቴቴሽ

---

መጋቢት 6

ይድረስ ለእቴቴ፣ በዓለም ላይ አንደኛዋ መጋረጃ ሰፊ፣

ሰላምታውን አንዴ አሳልፊኝና መጀመሪያ ይህን አንብቢ። እጅሽ ምንም አልሆነም። መጋረጃው ልክክ ብሏል። አንድ ስፌት አልጠመመም። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ፋርማሲስቷን ጥሪያት፣ መኪናሽንም ግለጪያት። ጥፋት ካለ የእኔ ዝምታ ነው።

መስኮት የለኝም እቴቴ። ፎቶው ላይ ያየሽው መሸጫው ውስጥ ለማሳያ ያሰናዳሁት ክፍል ነው፤ መስኮቱ ከኋላው አምፖል ያለው ፕላስቲክ ነው። ደብዳቤሽ ሲመጣ ደስታሽን አይቼ ልነግርሽ አቃተኝ። አንድ ጊዜ ጽፌልሽ ነበር፣ አልላክሁትም። ከዚያ ልኩን ስትጠብቂ ጊዜ ፕላስቲኩን በሜትር ለካሁት። አለቃችን ከኋላዬ መጥቶ «ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ። «መስኮቱን እየለካሁ» ስለው፣ «የቱን መስኮት?» አለና ዞር ዞር ብሎ ፈለገ።

መጋረጃሽ የደረሰ ቀን ሱቁ ሲዘጋ እዚያ ሰቀልኩት። ፎቶ አንስቼ ልልክልሽ ነበር፤ በቃ፣ ነገሩ ያልቃል ብዬ። እቴቴ፣ ያን ክፍል ባየሽው! ወንበሩም ምንጣፉም አጠገቡ ደብዝዘው ቀሩ። ግን ካሜራውን አንስቼ መጫን አቃተኝ። ጠዋት ስገባ አንዲት ደንበኛ ጫፉን ይዛ «ይሄስ ይሸጣል?» ትላለች። አለቃችን «ይኑር፣ አምሮበታል» አለ። እኔ ግን አፌ ሳይናገር እጄ ቀድሞ አወረደው። አጣጥፌ ይዤው ወደ ቤት ሄድኩ፤ ከዚያ ከአልጋዬ ሥር አስገብቼ ስንት ጊዜ ተኛሁበት። የካቲት የጻፍሽው ሲደርሰኝ ነው ያወጣሁት።

አሁን የት እንዳለ ልንገርሽ። የምኖረው ምድር ቤት ነው፣ ከዳቦ ጋጋሪ ጋር፣ በአንድ ክፍል። ሌሊት ስለምትነሳ በጊዜ ትተኛለች፤ መብራት ማብራት ስለማልችል ደብዳቤዎቼን ሁሉ ደረጃ ላይ ነው የጻፍኩልሽ። ያጠሩብሽ ለዚህም ነው፤ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። ጣሪያችን ሥር ከግድግዳ ግድግዳ የሚያልፍ የውኃ ቧንቧ አለ። የብረት በያጁን ቀለበት አላስገባ ስላለኝ፣ ቧንቧው ሁለቱም ጫፉ ግድግዳ ውስጥ ነዋ፣ እያንዳንዱን ቀለበት በጥብጣብ አሰርኩት። መጋረጃው ከሁለቱ አልጋዎች መሃል ወረደ። ወለሉን ሊነካ ጥቂት ነው የቀረው። ለዚህ ቤት የተለካ ነው የሚመስለው።

የአልጋዬን መብራት አበራሁት። ብርሃኑ ያን የብርቱካን ቀለም ይዞ ጉልበቴ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሁሉም ቦታ ሆነ፤ ወደ እሷ በኩል ግን ብዙም አላለፈም። ትንሽ ልጅ ሆኜ ካንቺ መጋረጃ ጀርባ ስተኛ እንደዚህ ነበር፤ የመኪናሽ መብራት በጨርቁ በኩል እየመጣ። አንቺ ያን ጥግ ስታስቢ ሆድሽ ይባባል አልሽኝ። እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ የትም እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። መስኮት እንዳልነበረው ራሱ ከደብዳቤሽ ነው ያወቅኩት። የመኪናሽ ድምፅ ሲሮጥ አለሽ፣ ሲቆም ክር እየቀየርሽ ነው። ምን ጎድሎኝ ነው የማማርረው?

ሳላስበው እጄ ሄዶ ጫፉን ሳብ አደረገው። ከወዲያ በኩል ዳቦ ጋጋሪዋ በእንቅልፍ ልቧ ጭራሽ ጎትታው «ምን ፈለግሽ?» አለችኝ። ሳቄን በትራስ አፈንኩት። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ደግሞ፣ እዚህ ቤት ከገባች እንደዚያ ሌሊት ተኝታ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

ስለዚህ የዓመቱን ምርጫዬን አርሜአለሁ። ሸምበቆውን፣ ምንጣፉንና ወንበሩን ሰርዢልኝ። ሦስት አይደለም፣ አንድ ነው፤ ይህ ነው።

ፎቶ ልኬልሻለሁ። አልጋው አልተነጠፈም፤ የሚኖርበት ቤት ስለሆነ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ መብራቴን አብርቼ ነው። የደብዳቤውን ርዝመት አየሽው?

ካስቀየምኩሽ ተቆጪኝ፣ ዝም ግን አትበዪኝ። ዝምታ ምን እንደሚያደርግ አሁን አውቄዋለሁ።

መርፌሽ

---

መጋቢት 29

ይድረስ ለመርፌዬ፣

ጤናሽን አልጠይቅም፤ ፎቶሽ ላይ አይቼዋለሁ። ትንሽ ከስተሻል። ዳቦ ጋጋሪ ጋር እየኖርሽ መክሳትሽ ደግሞ ያስቃል።

በመጀመሪያ ተቆጥቻለሁ። ተቆጥቼ ቀሚስ ስተኩስ አቃጠልኩ፤ ተቆጥቼ ብረት በያጁን ተጣላሁት፣ እሱም ምን እንዳደረገ እስካሁን አልገባውም። ለአለቃሽ ፕላስቲክ እናትሽ የመረጠችውን ጨርቅ? ብዬ። ከዚያ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። አለቃሽ ዞር ዞር ብሎ መስኮት ሲፈልግ ታየኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ወዲያ አልቅሻለሁ፤ እሱን ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺ ብቻ ነው።

ያን ጥግ ወድጄው ነበር አልሽኝ። እንግዲህ ስንት ዓመት የተቆጨሁበትን ምን ላድርገው? ለፋርማሲስቷ ልሽጥላት? ልጄ፣ ይህን ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ስንት ሌሊት በሰላም ተኝቼ ነበር። ግን አሁንም አልረፈደም። ትናንት በመኪናዬ ስሰፋ ድምጿን ሰማሁት፤ አንቺ እንደዚያ ብለሽ እስክትጽፊልኝ እኮ ድምፅ እንዳላት አላስተዋልኩም ነበር። አዎ፣ እየሰፋሁ ነው። የፋርማሲስቷን ሳሎን ተቀብያለሁ። ክሩን መርፌ ውስጥ የምታስገባልኝ እሷ ናት፤ ሥራዋን ቶሎ ስለምትፈልግ እጇን አስገብታለች።

አሁን ወደ ቁምነገሩ። ፎቶውን በማጉያ መነጽር አየሁት። መጋረጃው ያማረው ባንቺ በኩል ነው። እኔ የሰፋሁት ለመስኮት ነው፤ ጀርባው ወደ ውጭ ስለሆነ ማንም አያየውም ብዬ ስፌቱን እንዲሁ ተውኩት፣ ገበርም አላገባሁለትም። አሁን ያን ሁሉ ክርና እጥፋት እያየች የምትተኛው ማን ናት? ዳቦ ጋጋሪዋ! ነውር አይደለም እንዴ? የሰው ልጅ አብራሽ እየኖረች ዳቦ ታመጣልሻለች፣ እኛ ጀርባችንን እንሰጣታለን። የምትወደውን ቀለም ጠይቂልኝ። ወፍራም ገበር እሰድላታለሁ፤ ብርሃንሽም ጨርሶ አይደርስባትም፣ እሷም የራሷ ፊት ይኖራታል። ብረት በያጁም ታርቆኝ የሚከፈት ቀለበት እየሠራ ነው፤ ቧንቧው ላይ ትቆልፊዋለሽ። ጥብጣቡን ጣዪው፣ አያምርም።

ልክ ላኪልኝ፤ ከቧንቧው እስከ ወለሉ። በሜትር።

መስኮቱን ግን አልተውኩልሽም፣ እንዳይመስልሽ። እጥፋቱን ሰፊ ያደረግኩት ለዚያ ነው፤ ፈልጊ፣ ታገኚዋለሽ። እስከዚያው ያ ጥግ ቤትሽ ነው፣ እኔም እንደ ቤት ነው የማየው።

ለዳቦ ጋጋሪዋ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ለገበሩ አንዲት ሳንቲም አልቀበልም በያት፤ በምትኩ አንድ ሥራ እሰጣታለሁ። ማታ ማታ ጫፉን ሳብ ስታደርጊ ምን ፈለግሽ አትበልሽ። ምንም አትበል። መልሳ ሳብ ታድርግልኝ።

እቴቴሽ